ትንሽ የጎማ ጀልባ ለወንዝ ዓሣ፦ ጎጃም ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጎማ ጀልባዬን ወንዝ ዳር ስነፋ ሰው ይሰበሰባል። እረኞች፣ ልብስ የሚያጥቡ እናቶች፣ አንዳንዴም ባጃጁን አቁሞ የሚወርድ ሹፌር። ሁሉም ይጠይቃል፤ ጥያቄው ደግሞ ያው ነው። መልሱን አንዴ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው። ነጋዴ አይደለሁም፤ የምሸጠው ጀልባም የለኝም። ባሕር ዳር የምኖር፣ ባገኘሁት የዕረፍት ቀን መንጠቆ ይዤ የምጠፋ ሰው ነኝ።

ለወንዝ ዓሣ ጀልባ የግድ ነው እንዴ?

አይደለም። በበጋ ጨሞጋን ወይም ተምጫን ብዙ ቦታ ላይ ሱሪ ሰብስቦ መሻገር ይቻላል። እዚያ ጀልባ ይዞ መሄድ ሸክም ነው። ከዳር ክር መወርወር ይበቃል።

ጀልባ የሚጠቅመው ወንዙ ረግቶ በሚተኛበት ሰፊና ጥልቅ ቦታ ነው። ዳሩ በቄጤማ ወይም በቁጥቋጦ ተዘግቶ መንጠቆ መወርወር ሲያስቸግርም ይጠቅማል። ዓሣው ማዶ ገደል ሥር እየዘለለ እናንተ ወዲህ ቆማችሁ ስታዩት የሚሰማችሁን ንዴት የምታውቁት ከሆነ፣ አዎ፣ ጀልባ ያስፈልጋችኋል።

የትኛው ወንዝ ላይ ይሠራል?

ጀልባ ከመምረጥ በፊት ወንዝ መምረጥ ይቀድማል። እኔ በጣም የምወደው የግልገል ዓባይን የታችኛውን ክፍል ነው። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ፣ ወተት ዓባይን አልፎ ወደ ጣና ሲጠጋ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እዚያ ትንሽ ጀልባ ደስ ብሏት ትሄዳለች። የብር ወንዝም በበጋ የረጉ ቦታዎች አሉት፤ ግን ድንጋዩ ይበዛል። ጀልባውን ከአንዱ የረጋ ውሃ ወደሌላው ተሸክሞ መሄድ ስለሚመጣ ክብደቱ ከ12 ኪሎ ባይበልጥ እመክራለሁ።

መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ወንዝ ባይሆንም ለልምምድ ጥሩ ነው። ውሃው ቆሞ ነው ያለው። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣል። የጎማ ጀልባ ደግሞ በነፋስ ጊዜ እንደ ፌስታል ነው፤ ወደፈለገበት ይወስዳችኋል።

ከባሕር ዳር በታች ስላለው ዓባይ ኋላ እመለስበታለሁ።

ካርቶኑ ላይ «3 ሰው፣ 300 ኪሎ» ይላል። ልመነው?

ኪሎውን በከፊል እመኑት፤ የሰውን ቁጥር ግን እርሱት። ኪሎው የሚነግራችሁ ጀልባው ሳይሰምጥ የሚሸከመውን ነው። ተቀምጣችሁ፣ እግር ዘርግታችሁ፣ መንጠቆ ወርውራችሁ፣ ዓሣ ጎትታችሁ የምትችሉበትን አይነግራችሁም።

መጀመሪያ የገዛሁት «ባለ ሁለት ሰው» ነበር። ርዝመቱ 230 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 130 ተብሎ ተጽፏል። ሰፊ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቤት ወስጄ ሳሎን ውስጥ ስነፋው ዙሪያውን ያለው ቱቦ 36 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። በግራም በቀኝም ሲቀነስ ውስጡ የቀረው 58 ሴንቲ ሜትር ነው! ቁመቱም 158 ላይ ወረደ። ጓደኛዬና እኔ ፊት ለፊት ስንቀመጥ ጉልበቴ ደረቱን ይነካዋል። ያን ቀን የያዝነው አንድ ቆረሶ ነው፤ እሱንም ያጠመደው ከዳር የቀረው ወንድሜ ነው።

ስለዚህ የውጭውን ልክ ሳይሆን የውስጡን ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ የቱቦውን ውፍረት እጥፍ አድርጋችሁ ከውጩ ቀንሱ። ለአንድ ሰው «ባለ ሁለት»፣ ለሁለት ሰው «ባለ ሦስት» ወይም «ባለ አራት» ውሰዱ። ከተጻፈው ኪሎ ደግሞ ከግማሽ ብዙ አትለፉ። እኔ 70፣ ጓደኛዬ 80፣ ዕቃው 15 ኪሎ ቢሆን 165 ነው። 300 የተባለው ጀልባ ይበቃናል፤ 200 የተባለው ግን ውሃው ወደ አፉ ይጠጋል።

ስሱንና ወፍራሙን በምን እለያለሁ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ጋ ነው።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ለመዋኛ ገንዳ የተሠራ። ብዙዎቹ ውፍረታቸው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ሁለተኛው በመሐሉ የጨርቅ ድር ያለበት፣ ፒቪሲ የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 0.9 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከሩቅ ሁለቱም አረንጓዴ፣ ሁለቱም ጀልባ ናቸው።

ሱቅ ውስጥ እንዲህ አድርጉ። እጀታው ወይም የገመድ ማሰሪያው የተለጠፈበትን ጠርዝ ገለጥ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ወፍራሙ ከሆነ እንደ ሸራ የተሸመነ ክር ይታያል። በጣታችሁ ስትሳቡት አይለጠጥም። ስሱ ግን እንደ ማስቲካ ይሳባል፤ ሲሳብም መሐሉ ይነጣል። ቀጥሎ መገጣጠሚያውን እዩ። ጠርዙን በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። ከተነሣ ተዉት። እኔ ሳልሞክር የገዛሁት በሦስተኛው ጉዞ ከመገጣጠሚያው ላይ ፉጨት ጀመረ። ሻጩ «ብዙ ነፍተኸው ነው» አለኝ። ክርክር አልወድም፤ ተመለስኩ።

ስሱ ምንም አይጠቅምም አልልም። ቆጋ ላይ፣ ከዳር ሃያ ሜትር ሳትርቁ፣ ልጆች ውሃ እንዲለምዱ ይሆናል። ድንጋይና ግራር ያለበት ወንዝ ላይ ግን ብር ማቃጠል ነው።

ስንት የአየር ክፍል ይኑረው?

ቢያንስ ሁለት፤ ሦስት ቢሆን ይሻላል። አንዱ ሲበሳ ሌላው ወደ ዳር ያደርሳችኋል። ወለሉን እንደ አንድ ክፍል ቆጥሮ «ባለ ሦስት ነው» የሚል ሻጭ አለ። እናንተ የዙሪያውን ቱቦ ብቻ ቁጠሩ። በየክፍሉ የየራሱ ቫልቭ አለው፤ ቫልቭ መቁጠር ይቀላል።

ወለሉስ ምን ይሁን?

በአየር የሚነፋው ለመቀመጥ ይመቻል፤ ቀላልም ነው። ጣውላ የሚደረደርበት ለመቆም ይሻላል፤ ግን ይከብዳል። ወንዝ ላይ በትንሽ ጀልባ ውስጥ መቆም የለባችሁም፤ ስለዚህ የሚነፋው ይበቃል።

ቀለሙ ዓሣ ያባርራል?

አያባርርም። ዓሣ የሚያባርረው ድምፅ ነው። መቅዘፊያውን ቱቦው ላይ አታንኳኩ። ብርቱካናማ ከሆነ እንዲያውም ዳር ያለ ሰው በቀላሉ ያያችኋል።

ዓሣው ራሱ ጀልባውን አይበሳውም?

ይበሳዋል! ይሄን የጠየቀኝ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ከትልልቆቹ ማንም አላሰበውም።

አምባዛ ከጭንቅላቱ ኋላ በግራና በቀኝ ክንፉ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው። ሲፈራ ይገትረዋል። ቆረሶም ጀርባው ላይ የተደረደረ እሾህ አለው። የጀልባው ወለል ላይ ጥላችሁት ሲንፈራገጥ ስሱን ፕላስቲክ እንደ መርፌ ይወጋዋል። እኔ ትንሽ ባልዲ ይዤ እገባለሁ፤ ዓሣው ከክሩ ቀጥታ ወደ ባልዲው ይሄዳል። ወለሉ ላይ ደግሞ ሁለት የማዳበሪያ ከረጢት አጥፌ አነጥፋለሁ። ቢላዋው ሰገባው ውስጥ፣ መለዋወጫ መንጠቆውም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል።

ወደ ወንዙ ስትወርዱም ጀልባውን መሬት ለመሬት አትጎትቱት። የግራር እሾህ ከየትኛውም ዓሣ ይብሳል።

ሲበሳ ጎሚስታ ጋ ልውሰደው?

አትውሰዱት። ቢያንስ እሱ በለመደው መንገድ እንዳይሠራው።

ጎሚስታ የሚያውቀው ላስቲክ ነው። ከመነዳሪን፣ ማለትም የጎማን የውስጥ ላስቲክ፣ በማስቲሽና በሙቀት ይለጥፈዋል፤ በላስቲክ ላይ አንጀት ያርሳል። የእናንተ ጀልባ ግን ፒቪሲ ነው። በጋለ ብረት ሲጫን ይቀልጣል ወይም ይጨማደዳል። የላስቲክ ማስቲሽ ደግሞ ፒቪሲን ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይለቃል። ለፒቪሲ የተሠራ ማጣበቂያና ከራሱ ዓይነት የተቆረጠ ጨርቅ ያስፈልጋል። ጀልባው ሲገዛ አብሮት የምትመጣው ትንሽ ቱቦ ብዙ ጊዜ ደርቃ ነው የምትገኘው። ከመጓዛችሁ በፊት ጨመቅ አድርጋችሁ እዩ።

አለጣጠፉ፦ አየሩን አስወጡ፣ ቦታውን እጠቡና አድርቁ፣ በአልኮል ጥረጉ። ጨርቁን ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ማዕዘን ያለው ከጫፉ ይነሣል። ከቀዳዳው በየአቅጣጫው ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይለፍ። ሁለቱንም ወገን በስሱ ቀቡ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ገጥማችሁ ድንጋይ ጫኑበት። በማግሥቱ ንፉት። በዚያው ቀን ልሂድ የሚል ሰው ሁለቴ ይለጥፋል።

ቀዳዳው የት እንደሆነ ካልታወቀ የልብስ ሳሙና አረፋ ቀቡት። አረፋው የሚነፋበት ቦታ እሱ ነው።

ጎሚስታው ኮምፕረሰር አለው፤ በአንድ ደቂቃ ይነፋልኛል። ምን ችግር አለው?

መገጣጠሚያውን ይገነጥለዋል። የመኪና ጎማ 30 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይሸከማል። የእናንተ ጀልባ ቱቦ፣ ያውም ወፍራሙ፣ 2.5 ወይም 3 ገደማ ነው የሚፈልገው። ስሱ ደግሞ አንድም አይሞላ። ስሶቹ ጎናቸው ላይ የታተመች ትንሽ ማስመሪያ ሊኖራቸው ይችላል። ሲነፋ የተባለው ሴንቲ ሜትር ላይ ስትደርስ ማቆም ነው።

የብስክሌት መንፊያም አትሞክሩ፤ ክንዳችሁ ይዝላል እንጂ አይሞላም። በእግር የሚረገጥ ወይም ቆሞ የሚነፋ ትልቅ የእጅ ፓምፕ ያዙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት ብርድ ላይ 2.5 የነበረው ጀልባ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ከተተወ ወደ 4 ሊጠጋ ይችላል። ምሳ ስትበሉ ከእያንዳንዱ ክፍል ትንሽ አስተንፍሱለት ወይም ጥላ ውስጥ አድርጉት። ውሃ ላይ ሲመለስ ደግሞ ይቀዘቅዝና ይላላል፤ «ተበሳ» ብላችሁ አትደንግጡ።

ቤት ነፍቼው መኪና ላይ ጭኜ ብሄድስ?

ወንዙ ዳር ንፉት። ጎጃም ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከደጀን ከተማ እስከ ዓባይ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል አለ። ከፍታው ብቻውን ወደ 2 ፒኤስአይ ያህል ለውጥ ያመጣል። ላይ የነፋችሁት ታች ሲደርስ ይልፈሰፈሳል። ከታች ወደ ላይ ተነፍቶ ከወጣ ደግሞ ይወጠራል፤ የደከመ መገጣጠሚያ ካለው ዳገቱ ላይ ጉድ ታያላችሁ።

የከባድ መኪና ከመነዳሪ ርካሽ አይደለም?

ርካሽ ነው፤ ጠንካራም ነው፤ ጎሚስታውም ይለጥፈዋል። ግን አንድ ክፍል ብቻ ነው። መሐሉ ባዶ ስለሆነ እግራችሁ ውሃ ውስጥ ይንጠለጠላል። ይሄ ደግሞ ወደ ቢልሃርዚያ ጉዳይ ይወስደናል።

ቢልሃርዚያ እውነት ያሰጋል?

ያሰጋል። በጣና ዳርና በአካባቢው በሚገኙ ቀስ ብለው በሚሄዱ ውሃዎች ያለ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ትል ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ጀልባውን ስትገፉ የምትቆሙበት ቄጤማ ያለበት ጥግ ደግሞ ዋናው ቦታ ነው። ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ አድርጉ። ከነካችሁም ወዲያው በፎጣ አድርቁ። ሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ሰገራ ካያችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና ወንዝ ውስጥ እንደገባችሁ ተናገሩ። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው።

ታንኳ እያለ ይሄን ምን አመጣው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። የደንገል ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት ጀልባዬን ዞረው ዞረው አዩት። በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። ከዚያ «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ትንፋሽ ነው» አሉኝ። «ደንገል ቢወጋ ምን ይሆናል? ያንተ ቢወጋ ምን ይሆናል?»

መልስ አልነበረኝም። እውነታቸውን ነው። ታንኳ አይበሳም። ድክመቱ ውሃ እየጠጣ መክበዱ ነው፤ መድረቅ ይፈልጋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ያረጃል። ባጃጅ ላይም አይጫንም። የእኔ ታጥፎ በአንድ ትልቅ ቦርሳ ይገባል። ጣና ዳር የምትኖሩና መቅዘፍ የምታውቁ ከሆነ ግን ታንኳ ግዙ። ከልቤ ነው።

ሞተር ልግጠምበት?

ለዚህ መጠን አያስፈልግም። ክብደቱን ኋላ ላይ ያበዛዋል። ገንዘቡን የተሻለ መቅዘፊያ ላይ አውሉት።

መልሕቅስ?

በረጋ ውሃ ላይ ክብ ድንጋይ በከረጢት ቋጥራችሁ በገመድ ማውረድ ይበቃል። በሚፈስ ውሃ ላይ ግን አታስሩ። ገመዱ ሲወጠር ጎርፉ አንዱን ጎን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ጀልባው በሰከንድ ይገለበጣል። ያም ሆኖ ገመዱን በአንድ ሳብ የሚፈታ ቋጠሮ እሰሩት።

ከባሕር ዳር በታች ዓባይ ላይ መግባት እችላለሁ?

እኔ አልገባም። ሁለት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው ውሃው ነው። ከጣና የሚወጣውን ውሃ በ1988 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጨራጨራ ግድብ በበሮቹ ይቆጣጠረዋል። በር ሲከፈት ጠዋት ያያችሁት ወንዝ ከሰዓት በኋላ ሌላ ወንዝ ነው። ወደ ታች 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ደግሞ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ፤ ከ40 ሜትር በላይ የሚወረወር ውሃ።

ሁለተኛው ጉማሬ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ አለ። ለጉማሬ የጎማ ጀልባ ምንም አይደለም። ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲል ይመለሳል፤ እናንተም የምትደርሱት በዚያው ሰዓት ነው። በእሱና በውሃው መሐል አትቁሙ። ከጢስ ዓባይ በታች ወደ በረሃው ሲወረድ ደግሞ አዞ አለ። እዚያ ስለ ጀልባ አያወሩም።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከኅዳር እስከ መጋቢት። በክረምት ግልገል ዓባይ እንደ ቡና ይጠቁራል፤ ግንድ ይዞ ይወርዳል። በዚያ ላይ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከጣና የሚወጣው ነጭ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው ወንዞቹ ውስጥ ነው። ያኔ ብትተዉት ለራሳችሁ ነው።

በሚያዝያ ከሄዳችሁ የጮቄን ተራራ እያያችሁ ይሁን። ብዙዎቹ የምሥራቅ ጎጃም ወንዞች የሚነሡት ከዚያ ነው። እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ ላይ ላዩን ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና አረፋ መምጣት ከጀመረ፣ ዓሣውን ትታችሁ ውጡ። የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ በዚያው ቀን ጠዋት ጠይቁ።

ላይፍ ጃኬት የግድ ነው? ዋና እችላለሁ።

የግድ ነው። ውስጡ ስፖንጅ ያለውን ግዙ፤ የሚነፋውን ሳይሆን። የሚነፋ ጀልባ ላይ ተቀምጦ የሚነፋ ጃኬት መልበስ ሁለቱንም ለአንድ እሾህ መስጠት ነው።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሉም የራሱ ሕግ አለው። ለሽያጭ የሚያጠምድ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ለራሳችሁ ምሳ ከሆነም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አይጎዳም። ብርብራ ቀጥቅጦ ውሃ ውስጥ መበተን ግን ክልክል ነው፤ ትንሹንም ትልቁንም ይጨርሳል። የሰፈሩን ሽማግሌም ሰላም ብላችሁ እለፉ። ወንዙ ዳር የሰው ማሳ ነው።

ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ጀልባ ላስመጣ ብል ምን ልበለው?

በስልክ «ጀልባ አምጪልኝ» አትበሉ። እኔ ለአክስቴ እንዲያ ብዬ የሕፃናት ገንዳ የሚመስል፣ ሥዕል ያለበት ነገር ደረሰኝ። በጽሑፍ ላኩ፦ በመሐሉ ጨርቅ ያለበት ፒቪሲ፣ የውስጥ ስፋቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ፣ ቱቦው ባለ ሁለት ክፍል፣ ከነመጠገኛው። ብዙ ጊዜ አንድ ሻንጣ የሚፈቀደው 23 ኪሎ ነው፤ 12 ኪሎ ጀልባ ገብቶ ለልብስም ቦታ ይተርፋል።

ሳልጠቀምበት የት ላስቀምጠው?

አሸዋውን አጥባችሁ፣ ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ፣ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። በአንድ መስመር ላይ ደጋግሞ ማጠፍ ያንን ቦታ ይሰነጥቀዋል። ትልቁ ጠላት አይጥ ነው። የዓሣ ሽታ ካለበት አንድ ሌሊት ይበቃታል። እናቴ ይሄን ሰምታ ጀልባውን ጓዳ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው፤ ድመቷም መኝታዋ አደረገችው። አይጥ ዝር አላለም። አምስተኛውን ልጥፍ ያመጣው ግን የድመቷ ጥፍር ነው።